ከወገብ የወጣ ሽቦ፦ የሙከራውን ሳምንት እሺ ከማለትዎ በፊት

የወገብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሕመሙ አልለቅዎ ብሎ ይሆናል። ወይም ስኳር እግርዎን ሌሊት ሌሊት ያቃጥልዎታል። ውጭ አገር ያለ ልጅዎ ደግሞ «ሕብለ ሰረሰር ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ አለ፤ ይምጡና ይሞክሩት» ብሎ ደውሏል። አቃቂ ቃሊቲ ተቀምጠው ይህን የሚያስቡ ከሆነ ስለ መሣሪያው ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ሽቦው ይጠይቁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ሕመም ወደ አንጎል የሚያልፍበት በር ሊዘጋ እንደሚችል ጻፉ፤ በ1967 አሜሪካዊው ሐኪም ኖርማን ሺሊ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተከለ። ጥሩው ነገር ቋሚው ከመተከሉ በፊት መሞከር መቻሉ ነው። ቅቤ ስንገዛ እንኳ አሽትተን አይደል?

ለሙከራው አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ሽቦ (ሐኪሞቹ ሊድ ይሉታል) በወፍራም መርፌ በጀርባ በኩል ይገባና ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ይቀመጣል። ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ነጥቦች አሉ፤ ብዙ ጊዜ 8 ናቸው። ሌላው ጫፍ ቆዳን አልፎ ይወጣና ወገብ ላይ ከሚታሰር ትንሽ ባትሪ ጋር ይያያዛል። ከ3 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቋሚው ሲተከል ሽቦው ከውስጥ፣ ከጡንቻው ጠንካራ ሽፋን ጋር ይሰፋል። የሙከራውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቆዳ ላይ ያለ ስፌት ወይም ፕላስተር ብቻ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ቢንሸራተት እግር ላይ ይሰማ የነበረው ንዝረት ሆድ ወይም ጎድን ላይ ሊሄድ ይችላል። ሕመሙ ሳይቀንስ ሳምንቱ ያልቃል፤ እርስዎም «አልሠራልኝም» ብለው ይመለሳሉ። እኔ ይህን አልተሞከረም እንጂ አልሠራም አልለውም።

ሳምንቱን የት ነው የሚያሳልፉት? ሽቦውን ውጭ አስገብቶ ቀሪውን ቀን አቃቂ መጥቶ መጨረስ አይታሰብ። ሽቦው ፈቀቅ ቢል በራጅ አይቶ የሚያረጋግጥ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ሌላ ነጥብ የሚያዛውር፣ በመጨረሻም የሚያወጣው ያው ያስገባው ቡድን ነው። በትንሹ የተንሸራተተ ሽቦ ነጥብ በመቀየር ብቻ ሊስተካከል ስለሚችል ከሐኪሙ ደጅ አለመራቅ ትልቅ ነገር ነው። የመመለሻ ቲኬትዎን ሽቦው ከሚወጣበት ቀን በኋላ ይቁረጡ።

ቤቱ ለዚህ ሳምንት ይመቻል? መጎንበስ፣ መጠምዘዝ፣ እጅን ከትከሻ በላይ መስቀል፣ ከባድ ማንሳት አይፈቀድም። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የእኛ ኑሮ ግን ከመሬት ብዙ አይርቅም፤ ቡናው በበርጩማ ነው፣ ልብሱ በሳፋ ይታጠባል፣ ምጣዱም ጎንበስ ያሰኛል። ብዙ ሐኪሞች የሚፈቅዱት ክብደት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ወገብን አጥፎ ሽቦውን ይስባል፤ የሚቀመጡበት መጸዳጃ ያለበት ቤት ይፈልጉ። የሆድ ድርቀት ካለብዎም አስቀድመው ይንገሩ፤ ማማጥ አይበጅም። ከአልጋ ሲነሱ መላ ሰውነትን እንደ ግንድ ባንድነት ወደ ጎን አዙሮ፣ በክንድ ተደግፎ ነው።

ስግደትስ? ይህን የውጭ ሐኪም አይጠይቅዎትም፤ ስለማያውቀው። ቀጠሮው ሰሞነ ሕማማት ላይ እንዳይውል ቀኑን ይቁጠሩ፤ የንስሐ አባትዎንም ቀድመው ያማክሩ። ሙስሊም ከሆኑ ለታመመ ሰው በወንበር ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። ጸበል መጠጣት ይቻላል፤ መጠመቅ ግን አይቻልም። ሻወርም እንዲሁ፤ ፕላስተሩ ከረጠበ ይላቀቃል፣ ቀዳዳውም ሊያመረቅዝ ይችላል። ሰውነትን በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ አቅፎ ጀርባ መምታት፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት አለ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ከሩቅ!» የሚል ያስፈልጋል። ባህል መንካት ከመሰለዎት ጥፋቱን በእኔ ያሳብቡ።

ቃሊቲ የከባድ መኪና ሰፈር ስለሆነ ለሾፌሮች አንድ ቃል፦ መሣሪያው እየሠራ መሪ አይያዝም። ድንገት የሚጠነክር ንዝረት እግርን ከፍሬን ላይ ሊያስነሳ ይችላል።

ሽቦው መንሸራተቱን በምን ያውቃሉ? ሲጋደሙ ንዝረቱ ቢጠነክርና ሲቆሙ ቢለሰልስ አይደንግጡ፤ ሲጋደሙ ሕብለ ሰረሰሩ ወደ ሽቦው ስለሚጠጋ ነው። ንዝረቱ ቦታ ቀይሮ ከቀረ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ግን ይደውሉ። በጣም ፈጣን ምት የሚሰጡት መሣሪያዎች፣ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚመቱት፣ ከመነሻው ንዝረት አያሰሙም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። የወጣ ሽቦን መልሶ መግፋት ፈጽሞ አይሞከር። ትኩሳት፣ መግል፣ ቀና ሲሉ የሚብስ ራስ ምታት፣ የእግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ አለመቆጣጠር ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከመሄድዎ በፊት እዚሁ የሚያልቅ ሥራ አለ። የስኳርዎን ልክ ያስለኩ፤ ከፍ ያለ ስኳር ማመርቀዝን ይጋብዛል። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሰፈርዎ ነው፤ የሕክምና ወረቀትዎንም ያሰባስቡ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መርፌው በሚያልፍበት ክፍተት የሚፈስ ደም ነርቭን ሊጫን ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ውጤቱን የሚለካው ማን ነው? በተለምዶ ሕመሙ ቢያንስ በ50 በመቶ ከቀነሰ ሙከራው ተሳካ ይባላል። ልጅዎ ገንዘብ አውጥቷልና «ተሽሎኛል» ማለት ያምርዎታል፤ ይህ ይሉኝታ ቋሚ መሣሪያ ያስተክላል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚቀጥል ሌላ አለመጎንበስም ያመጣል፤ ያኔ ደግሞ አቃቂ ገብተው ከበርጩማውና ከጀሪካኑ ጋር ነዎት። ስለዚህ ደብተር ይያዙ። ጠዋትና ማታ ሕመሙን ከ10 ይስጡት፤ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ሳይቀመጡ ምን ያህል ሄዱ፣ ስንት ክኒን ዋጡ፣ ይጻፉ። ከሙከራው በፊት ባለው ሳምንት ይጀምሩት። ሽቦው የሚወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ተስቦ ነው፤ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናትም ደብተሩን አይዝጉ፣ ሕመሙ ምን ያህል ተመልሶ እንደመጣ ይመዝግቡ።