ባለሙያን ማሠልጠንና ማቆየት

ቤቴል የምንኖር የጤና ተማሪዎች ስንገናኝ አንዱ ጥያቄያችን «ተመርቀህ ትቀራለህ ወይስ ውጭ አገር ትሄዳለህ?» የሚል ነው። ለመሆኑ ዕቅድ ምን ሊያደርግ ይችላል?

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የጤና መኮንን፣ የሕዝብ ጤና ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያሠለጠነው፣ ሦስቱ ባንድነት በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ነበር። ከትምህርቱ አስቀድሞ ሥራው ታስቦ ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀው ደንብም፣ አገሮች ባለሙያ እጅግ ካነሰው አገር ከመመልመል እንዲቆጠቡ ይመክራል እንጂ ሠራተኛው እንዳይሄድ አያግድም። ስለዚህ በር መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ዕቅድ ተመራቂውን ብቻ ሳይሆን ደመወዙን፣ መድኃኒቱንና የሚያድርበትን ቤት አብሮ መቍጠር አለበት። እኛም ስንወስን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ደጅ የሚጠብቀውን በሽተኛ ከሒሳቡ ልናወጣው አይገባንም።