በውሃ ትነት ቲማቲምን ማቀዝቀዝ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በስምጥ ሸለቆ በመስኖ የሚመረት ቲማቲም ከተለቀመ በኋላ መኪና እስኪመጣ ድረስ ሙቀት ላይ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ይፈነዳል፣ ዋጋውም ይወድቃል። መኪናው ሲዘገይ ገበሬው በተሰጠው ዋጋ ለመሸጥ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ይህን ጉዳት በውሃና በከሰል መቀነስ ይቻላል። ሆኖም ዘዴው የሚሠራበትን ምክንያት ያልተረዳ ሰው በማይሠራበት ቦታ አሠርቶ የማኅበሩን ገንዘብ ሊያባክን ስለሚችል፣ የልማት ሠራተኛው በቅድሚያ ምክንያቱን ማወቅ ይኖርበታል።

1. ሙቀቱ የት ይገባል?

ውሃ እሳት ላይ ሲጣድ እየሞቀ ይሄዳል። መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን የቱንም ያህል እንጨት ቢጨመር ቴርሞሜትሩ ከፍ አይልም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሙቀት ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ይህ በቴርሞሜትር የማይታይ ሙቀት ስውር ሙቀት ይባላል። መጠኑም እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ፦ 1 ኪሎ ካሎሪ
ለ/ 1 ኪሎ ግራም በረዶን በ0 ዲግሪ ለማቅለጥ፦ 80 ኪሎ ካሎሪ ገደማ
ሐ/ 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ25 ዲግሪ ለማትነን፦ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ

ውሃ ለመትነን የግድ መፍላት የለበትም። ያለ እሳት ሲተን ግን የሚያስፈልገውን ሙቀት በዙሪያው ካለው ነገር ይወስዳል። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ሾልኮ የወጣው እርጥበት ላዩ ላይ ስለሚተን ነው።

2. ምን ያህል ውሃ ያስፈልጋል?

1 ኩንታል ቲማቲም ከ30 ወደ 20 ዲግሪ ማውረድ ተፈለገ እንበል። ቲማቲም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እንደ ውሃ ሲታሰብ፣ 100 ኪሎ ግራም በ10 ዲግሪ ሲባዛ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህ ለ580 ሲካፈል 1.7 ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት ማለት ነው። በተግባር ግን የበለጠ ውሃ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ከውጭ ሙቀት ይገባል፤ ቲማቲሙም ከተለቀመ በኋላ ስለሚተነፍስ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ማለዳ፣ ፍሬው ገና ቀዝቃዛ ሳለ መልቀም የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ነው።

3. አሠራር

ሀ/ ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ቦታ ይመረጥ።
ለ/ በእንጨት ማዕዘን ላይ ሁለት ረድፍ የዶሮ ሽቦ፣ በመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በመተው ይወጠር።
ሐ/ ክፍተቱ በተሰባበረ ከሰል ይሞላ። ከሰል በማይገኝበት ቦታ በሁለት ረድፍ ጡብ መካከል አሸዋ መሙላት ይቻላል።
መ/ ጣሪያው በሣር ክዳን ይሸፈን፤ በሩም በሚገባ የሚገጥም ይሁን።
ሠ/ ከሰሉ ሳይደርቅ በየጊዜው ውሃ ይጠጣ። የደረቀ ከሰል አያቀዝቅዝም።
ረ/ የቆሰለና የበሰበሰ ፍሬ ተለይቶ ይውጣ።

4. ከመሥራት በፊት የሚደረግ ሙከራ

አየሩ እርጥበት ከሞላበት ውሃው አይተንም፤ ካልተነነም ሙቀት አይወስድም። ይህን ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትሮች በጥላ ይሰቀሉ። የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይራገብ። ደረቁ 30፣ እርጥቡ 19 ቢያሳይ ልዩነቱ 11 ዲግሪ ስለሆነ ዘዴው ይጠቅማል። የጎጆው ሙቀት ወደ እርጥቡ ቁጥር ይጠጋል እንጂ ከዚያ በታች አይወርድም። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ ወጪው አያዋጣም። ሙከራው ቲማቲሙ በሚደርስበት ወር ይደረግ።

5. ጥንቃቄ

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዚህ ጎጆ አይቀመጡ፤ ደረቅ አየር ስለሚፈልጉ ይበሰብሳሉ። ወተትም ወደ 4 ዲግሪ መውረድ ስላለበት ይህ ዘዴ አይበቃውም።

ማጠቃለያ

ጎጆው ቲማቲሙን ለጥቂት ቀናት ያቆያል እንጂ ለወራት አያከማችም። ለማኅበሩ ግን እነዚህ ጥቂት ቀናት ቀላል አይደሉም። መኪናው ዛሬ ባይመጣ ነገን ለመጠበቅና በዋጋው ላይ ለመነጋገር ያስችሉታል።