አልድን ላለ የስኳር ቁስል፦ ወደ ኦክስጅን ክፍሉ እንዲህ ይግቡ

በስኳር በሽታ ምክንያት እግር ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ሐኪም ሃይፐርባሪክ የሚባለውን የኦክስጅን ሕክምና ሊያዝ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ በሚደርስ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ኦክስጅኑ በደም ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟና ደም በደንብ ወደማይደርስበት ቁስል ይዘልቃል።

1. ክፍያውን አስቀድመው ያጣሩ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ወጪውን እንዲሸፍንልዎ፣ ቁስሉ በዋግነር የእግር ቁስል መለኪያ 3ኛ ደረጃና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ማለትም ጠልቆ መግል የቋጠረ ወይም ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ የገባ። ቢያንስ 30 ቀን በመደበኛ ሕክምና ተሞክሮ ለውጥ አለማሳየቱም መመዝገብ አለበት።

2. ሕመምዎን ሳይደብቁ ይናገሩ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ድካም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካለ ይጥቀሱ። ከሳንባ ያመለጠ አየር ደረት ውስጥ ካለና ካልታከመ ወደ ክፍሉ አይገባም።

3. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።

4. ሲጋራ ያቁሙ። የደም ሥርን ያጠባል።

5. በቀጠሮው ዕለት ጠጉርዎን በሳሙና ይታጠቡ። አናት ላይ ቅቤ ማድረግ ልማዳችን ስለሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ንጹሕ ኦክስጅን ባለበት ቦታ ቅባት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ቅቤው እስኪለቅ ደጋግመው ይጠቡ። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ሽቶና የጠጉር ስፕሬይም ይቅር።

6. ምግብ ይብሉ። በሕክምናው ጊዜ የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ረመዳንን የሚጾሙም ሐኪሙን ያነጋግሩ። የኢንሱሊን መጠንዎን በራስዎ አይቀይሩ።

7. ከመግባትዎ በፊት ስኳርዎን ያስለኩ። ከ100 በታች ከሆነ ሳይገቡ ለነርሷ ይንገሩ።

8. ማዕከሉ የሚሰጠውን የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ስልክ፣ ላይተር፣ ሰዓት፣ ዊግ፣ የአንገት መስቀልም ውጭ ይቆዩ። ሰውነት ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ካለዎት ያሳዩ።

9. ግፊቱ ሲጨምር ጆሮዎን ይክፈቱ። ምራቅ ይዋጡ፤ ያዛጉ። ካልተከፈተ አፍንጫዎን ይዘው፣ አፍዎን ዘግተው በቀስታ ይንፉ። በኃይል አይንፉ። ካመመዎት ወዲያው ይናገሩ፤ ባለሙያው ግፊቱን ያቆማል። ጉንፋን ከያዘዎት ደግሞ ሳይገቡ ይንገሩ።

10. ግፊቱ ሲቀንስ ትንፋሽዎን አይያዙ። እንደወትሮው ይተንፍሱ።

11. ሲወጡ ስኳርዎን እንደገና ያስለኩ። መኪና ከመንዳትዎ በፊት ይሁን።

12. ቤትዎ ሲገቡ በቆሰለው እግር አይርገጡ። ሐኪሙ ያዘዘውን ጫማ ወይም ጀሶ አያውልቁ። ኦክስጅኑ ብቻውን አያድንም፤ ቁስሉ በየጊዜው መጠረግ፣ ስኳሩም መስተካከል አለበት።

አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይደጋገማል፤ ስለዚህ የሚያደርስዎትን ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ። በሕክምናው መሐል የሩቅ እይታዎ ሊደበዝዝ ይችላል። ሕክምናው ካበቃ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመለስ አዲስ መነጽር ለመግዛት አይቸኩሉ።

በየ30 ቀኑ ቁስሉ በማስመሪያ ተለክቶ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ካልጠበበ ወይም ጥልቀቱ ካልቀነሰ፣ ሕክምናው ለምን እንደሚቀጥል ሐኪሙን ፊት ለፊት ይጠይቁ።