ሐርጌሳ ላይ የልጆች ሶፍትዌር ለወላጅ ስታስተዋውቁ

የሂሳብ ሰው የሆነው ጃማ ሙሴ ጃማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ሐምሌ ላይ ነው። ተማሪው፣ ገጣሚው፣ ከለንደን ለእረፍት የመጣው ዘመድ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሁሉም ይጎርፋል። እንዲህ ባለ ግርግር መካከል ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ለልጆች የሚሆን ነጻ የትምህርት ሶፍትዌር ለቤተሰብ ማሳየት አስባችሁ እንደሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእናንተ የተጻፈ ነው። ዐውደ ርእዩ ባይሆንላችሁና እዚሁ ያለን ኢትዮጵያውያን ለበዓል ስንሰባሰብ፣ ወይም በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ብታደርጉትም ሥራው ያው ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ያለኝን ሁሉ ይዤ ወጣሁ። ላፕቶፑ ላይ ደርዘን የሚሞላ ፕሮግራም ጭኛለሁ፣ ግድግዳ የሚያክል ባነር ሰቅያለሁ፣ ስለ ሶፍትዌር ነጻነት የምናገረውንም በቃሌ አጥንቻለሁ። ሰው መጣ፣ ሰማ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ሲመሽ ስንቱ ስልኩ ላይ ጭኖ ሄደ ብዬ ብቆጥር የአንድ እጅ ጣት አልሞላም። ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን ከሥሩ የለወጥኩት።

መጀመሪያ፦ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፕሮግራም ብቻ

ከሦስት በላይ ከሆነ ወላጁ አንዱንም አያስታውስም። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው።

አንደኛው ጂኮምፕሪ ነው። ብሩኖ ኩዱዋን የተባለ ፈረንሳዊ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ስሙ በፈረንሳይኛ “ገባኝ” ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ከ100 በላይ ጨዋታ አለው፤ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ቼዝ ሳይቀር። ላፕቶፕ ላይም አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። ሁለተኛው ተክስ ፔይንት የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ብሩሹን ነክቶ ይጀምራል፣ በየንክኪው ድምፅ ያሰማል፣ በአማርኛ ምናሌም ይከፈታል። ሦስተኛው ኪዊክስ ነው፤ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ። የአማርኛውም የሶማልኛውም ውክፔዲያ ትንሽ ስለሆነ ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። የእንግሊዝኛው ሙሉ ግን ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ስለሚደርስ፣ ለእሱ የተመረጡትን አነስተኛ ቅጂዎች ውሰዱ።

ሶማልኛ ማንበብ ለሚማር ሰው ደግሞ ዳሪዝ የሚባል መተግበሪያ አለ። ያወጣው የሳሃሚዬ ፋውንዴሽን ነው፤ መሥራቹም እዚሁ ሐርጌሳ የተወለደው የወርልድሬሚት መሥራች ኢስማኢል አሕመድ ነው። ይህን ጠረጴዛው ላይ ባታሳዩትም ስሙን ጻፉና ያዙ፤ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ቀንና ሰዓት

ሐርጌሳ ላይ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት በፊት ማንም አይመጣም፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ምሳ በልቶ ይወጣል። የእኛ ክርስቲያኖች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመቻቸዋል፤ ልጆቹ ግን እሑድ ትምህርት ቤት ይሆናሉ። አባቶችን ማግኘት የፈለገ ደግሞ የአወዳይ ጫት በቶጎ ውጫሌ በኩል ከተማ ከመግባቱ በፊት ይቅደም፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚቅም ሰው ልጁን ይዞ አይነሣም። የዐስርና የመግሪብ ሶላት ሰዓትን ፕሮግራማችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ በዚያ ሰዓትም ማስረዳት አትጀምሩ።

ቤት ውስጥ የሚያልቅ ዝግጅት

ከዝግጅቱ በፊት ባለው ምሽት፦ ላፕቶፖቹን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ የመብራት ገመድ ባታገኙ አራት ሰዓት እንዲያቆያችሁ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። የሐርጌሳን መብራት የሚያቀርቡት የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ አዘጋጁ ሶኬት ይሰጠኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ኢንተርኔትንም እንደዚሁ። የመጫኛ ፋይሎቹን በሙሉ አስቀድማችሁ አውርዱና ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ይጠፋል። ስልክ ላይ የሚሰካ ባለ ሁለት አፍ ፍላሽ ካገኛችሁ ደግሞ ግማሹን ድካም ይቀንስላችኋል።

የአማርኛው ጽሑፍ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ፎንት የለውም ማለት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነጻ ፎንት ጫኑ፣ ያበቃል።

ሐምሌ ላይ ነፋሱ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ለኪቦርዱ ስስ ጨርቅ ያዙ። ማውስ ሦስት አራት ይሁን። ምንጣፍ አትርሱ፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

አንድ ነገር ግን ቸል አትበሉ፦ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። የቤት እንስሳት ጨዋታ ውስጥ ዐሣማ ብቅ ሊል ይችላል። እኛም ቤት ቢሆን ዐሣማ የምንወደው እንስሳ አይደለም፤ ሐርጌሳ ላይ ግን አንዲት አያት ያንን ሥዕል ካየች የቀረውን አትሰማችሁም። ፕሮግራሙ ሌላ መቶ ጨዋታ አለው፣ ያንን አታሳዩ።

ጠረጴዛው

ልጆቹን ወንበር ላይ አታስቀምጡ። ምንጣፍ ዘርግታችሁ ላፕቶፑን ዝቅ ባለ ሣጥን ላይ አድርጉት፤ ወንበሩ ለእናት ነው። እናት ከልጇ ትከሻ በላይ አሻግራ ስክሪኑን የምታይበት ቦታ ላይ ስትቀመጥ፣ እናንተ ሳትናገሩ ማስተዋወቁ ተጀመረ ማለት ነው።

ሐርጌሳ ውስጥ ብዙ ልጅ የሚያውቀው ስልክ ነው። ስድስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ስክሪኑን በጣቷ ጫን ጫን ስታደርግ አይቻለሁ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ተበላሽቷል ማለቷ ነው። ማውሱን እጇ ሥር አስገባሁላት። ጂኮምፕሪ ውስጥ ቀስቱ ያለፈበት ቦታ ሁሉ እየተፋቀ ከሥሩ ሥዕል የሚወጣበት ጨዋታ አለ። እጇን ስታንቀሳቅስ አንድ ካሬ ጠፋ፣ የእንስሳ ጆሮ ታየ። ከዚያ በኋላ ማንም አላስተማራትም፤ ምላሷን አውጥታ ጥግ ጥጉን ትፍቅ ጀመር። እናቷ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ወንበር ሲሳብ ከሰማችሁ ዝም በሉ።

ከአያት ጋር መነጋገር

ልጁን ያመጣው አያት ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሶማሌዎች አሸዋ ላይ መስመር ሠርተው በጠጠር የሚጫወቱት ሸሕ የሚባል ጨዋታ አላቸው፤ የእኛ ገበጣ ባይሆንም ክብሩ የዚያን ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይሰጠዋል፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ “ጀሬ” ብሎ የባላጋራውን ጠጠር ያነሣል። ዐውደ ርእዩን ከጀመሩት አንዱ ጃማ ሙሴ ራሱ ስለዚህ ጨዋታ መጽሐፍ ጽፏል። ጂኮምፕሪ ውስጥ ደግሞ የሸሕ የአክስት ልጅ ሊባል የሚችል ጨዋታ አለ፤ ባለ ዘጠኝ ጠጠር ሆኖ ሕጉ በጣም ይቀራረባል። ሽማግሌውን “አደር” ብላችሁ በአክብሮት ጠርታችሁ ይህን አሳዩዋቸው። ሕጉ ልክ አይደለም ብለው ይከራከሯችኋል፤ ተከራከሩ። የሚከራከር ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ቋንቋ

ጠረጴዛው ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሶማልኛ አፉን የፈታበት፣ ሌላው አማርኛ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን እናቶች ቀረብ ብለው ይጠይቃሉ። ሶማሌ እናትን “ኤዶ” ወይም “ሀበርየር” ማለት ያቀራርባል፤ ለእኛዋ ደግሞ “እትዬ” አይቅር።

አንድ ወጥመድ አለ። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛው የፊደል ጨዋታ ለሶማሌ ልጅ የሚሆን ይመስላል። ግን የሶማልኛ ፊደል ሲቆጠር “አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ጃ፣ ሐ” እያለ ይሄዳል እንጂ “ኤ፣ ቢ፣ ሲ” አይልም። እንግሊዝኛው “ሲ” የሚለው ፊደል በሶማልኛ የእኛ ዐይኑ ዐ ነው፤ “ኤክስ” የሚለው ደግሞ ሐመሩ ሐ። ልጁ ቤቱ የሚያውቀውን ፊደል ማሽኑ በሌላ ስም ሲጠራበት የተሳሳተ ይመስለዋል። ለወላጅ በግልጽ ንገሩ፦ ይህ የእንግሊዝኛ ፊደል ማስተማሪያ ነው፤ የሶማልኛውን ዳሪዝ ላይ ታገኙታላችሁ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሐ እና ሀን፣ ዐ እና አን በድምፅ መለየት ከተውን ቆየን፤ የሶማሌ ልጅ ቁልጭ አድርጎ ሲላቸው መስማት፣ በጎን፣ ደስ ይላል።

“በነጻ” ወይስ “ነጻ”?

“ስንት ነው?” ይሏችኋል። “ቢላሽ” ትላላችሁ። ያኔ ፊታቸው ይለወጣል፤ ሐርጌሳ ላይ በነጻ የሚመጣ ነገር ጀርባው ላይ ሌላ ነገር እንዳለው ሰው ያውቃል። መልሱን አማርኛ ራሱ ይሰጣችኋል። “በነጻ” ማለት ገንዘብ አይከፈልበትም ነው፤ “ነጻ” ማለት ግን ማንንም ሳታስፈቅጂ ለጎረቤት ልትገለብጪው፣ ልትለውጪው፣ አፍ መፍቻሽ ወደሆነው ቋንቋ ልትመልሺው ትችያለሽ ነው። በሶማልኛም አንዱ “ቢላሽ” ሌላው “ሖር” ነው። ጂኮምፕሪና ተክስ ፔይንት ሁለቱንም ናቸው። ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግራችሁ አቁሙ። እኔ አሥር ደቂቃ ሳወራበት የጠፋብኝን ሰው እኔ ነኝ የማውቀው።

ስልክ ላይ መጫን

ፋይሉን በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ አስተላልፉ። ከመደብሩ ውጭ የመጣ ፋይል ስለሆነ ስልኩ “ካልታወቀ ምንጭ” ብሎ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ስታበሩ ባለቤቱ ይይ፣ ከተጫነ በኋላ መልሳችሁ አጥፉት፣ መጥፋቱንም ይይ። ስልኩ ሞልቶ ከሆነ ምን እንደሚጠፋ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ የሰው ሠርግ ፎቶ ላይ እጃችሁን አታንሡ። በዚያ ስልክ ዛድ የሚባለው የሞባይል ገንዘብ ስላለ፣ ማለትም የቤቱ ገንዘብ ሁሉ ስላለ፣ ስልኩ ከባለቤቱ ዓይን ለአፍታም አይራቅ። የሚስጥር ቁጥር ሲነካ ፊታችሁን አዙሩ።

ከዚያ ትልቁ ነገር፦ የአውሮፕላን ሁነታን አብሩና ስልኩን ለእናትየው ስጡ። “አሁን አንቺ ክፈችው።” ኔት ተዘግቶ ጨዋታው ሲከፈት ካየች ካርድ አይበላም የሚለውን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ከዚያ ወዲያ

እ.ኤ.አ. በ2012 “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበረም፤ ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው፣ ማብሪያውን አግኝተው፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከማስከፈት ደርሰው ዓለም አጨበጨበላቸው። ያንን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር አለ፦ በየሳምንቱ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን የሚቀይር ሰው ነበር፤ ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግም ለአዋቂዎች ቀድሞ ታይቷቸዋል።

እናንተም ተመልሳችሁ የምትገኙበትን ቀንና ቦታ በአማርኛና በሶማልኛ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀኑ፣ የሚጠየቀው ሰው። የልጆችን ፎቶ ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሡ፤ ሪፖርት ላይ ለማሳየት ቢሆንም።

በተባለው ቀን ምናልባት አራት ሰው ይመጣል። አንዷ ፕሮግራሙን ልጇ እንዳጠፋው ትነግራችኋለች፣ አንዱ የጎረቤቱን ስልክ ይዞ ይመጣል። ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱ።