የጀበናው ድምፅና የተበተነ ቀልብ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ውኃ አፍልተው የሚፈላበትን የሙቀት መጠን በቴርሞሜትር ለክተው እንዲመዘግቡ ይታዘዛሉ። ቤተ ሙከራው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የደጋ ከተማ ውስጥ ከሆነ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሚቀርቡልን ደብተሮች መካከል «100 ዲግሪ» የሚል የሰፈረባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ተማሪዎቹ ሊያታልሉን አስበው አይደለም። ዓይናቸው ቴርሞሜትሩ ላይ ነበር፤ ቀልባቸው ግን በመጽሐፍ ከተማሩት ቁጥር ጋር ቀርቷል። እኛም በተማሪነት ዘመናችን ይህንኑ እንደ ሠራን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

ስሕተቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሳይንስን መሠረት የሚነካ ነው። በዓይናችን ፊት ያለውን ትተን የጠበቅነውን የምንመዘግብ ከሆነ መለኪያ መሣሪያ መግዛቱ ምን ይረባናል? በዚህ ጽሑፍ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከጃፓን የዜን ገዳማት የተነሣ አንድ ልማድ፣ ማለትም በዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ ልብ ማለትን፣ ከራሳችን ቡና ጋር አያይዘን ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ልብ ማለት ምንድን ነው?

ዜን የቡድሃ እምነት አንዱ ዘርፍ ሲሆን፣ በቻይና «ቻን» በሚል ስም ካደገ በኋላ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጃፓን ሥር ሰደደ። ከመምህራኑ አንዱ ዶገን ይባላል፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1200 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዶገን በ1223 ትምህርት ፍለጋ ወደ ቻይና ተሻገረ። በዚያም በአንድ ገዳም ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የገዳም ወጥ ቤት በቀትር ፀሐይ እንጉዳይ ሲያሰጡ አገኛቸው። ይህን ሥራ ለምን ለረዳት እንደማይተዉት ቢጠይቃቸው፣ ሌላ ሰው የሠራው የእርሳቸው ሥራ እንደማይሆን ነገሩት፤ ፀሐዩ እስኪበርድ እንዲቆዩ ቢመክራቸውም ከአሁኑ ሌላ የሚጠበቅ ጊዜ እንደሌለ መለሱለት። ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ቤቶች መመሪያ ሲጽፍ ይህን ታሪክ አስፍሮታል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ሩዝ ማጠብም ሆነ አትክልት መክተፍ ከጸሎት ቤቱ ጽሞና ያላነሰ የልቡና ሥራ ነው የሚል ነው።

የጃፓን ቋንቋ ይህን ልብ ማለት «ኔን» ይለዋል። ቃሉ የሚጻፍበት ምልክት ከሁለት ምልክቶች የተሠራ ነው፤ የላይኛው «አሁን»፣ የታችኛው «ልብ» ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ልብ በል» እንላለን፤ «ቀልቡ ተበተነ»፣ «ቀልቡን ሰበሰበ» እንላለን። በመተማ ገበያ ከሱዳናውያን ጋር የተገበያየ ሰው እንደሚያውቀው ደግሞ በዐረብኛ «ቀልብ» ራሱ ልብ ማለት ነው። እንግዲህ ጃፓናዊውም፣ ዐረቡም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ትኩረትን ከልብ ጋር አስተሳስረውታል ማለት ነው።

ከኮኪት ጀበና አጠገብ

ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ፣ ከገንዳ ውኃ አልፎ ወደ ድንበሩ ሲጠጉ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በረከቦቱ አጠገብ ማጨሻ ላይ የሚጨሰው ዕጣንም የሚገኝበት ዛፍ በዚሁ ቆላ ይበቅላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ከተማ ከባልደረቦቻችን ጋር ቡና ተጋብዘን ነበር። እኛ ስለ መንገድና ስለ ሥራ እናወራለን፤ አንዳንዶቻችን በየመካከሉ ስልካችንን እንነካካለን። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ከጨዋታው ሳይለዩ፣ ወደ ጀበናው እንኳ ሳይመለከቱ፣ ድንገት እጃቸውን ወደ ተወቀጠው ቡና ዘረጉ። ውኃው መፍላቱን በምን እንዳወቁ ስንጠይቃቸው ገረማቸው።

«አልሰማችሁም እንዴ?» አሉን፤ «ሲጮህ ቆይቶ ዝም ካለ እኮ ፈልቷል።»

አልሰማንም ነበር። ከመካከላችን የሙቀት ፊዚክስ የምናስተምር ነበርን፤ ጀበናው ሲጮህ የሰማ ግን አንድም አልተገኘም።

ነገሩ በፊዚክስ ሲታይ እንዲህ ነው። ጀበናው እሳት ላይ ሲጣድ አስቀድሞ የሚግለው የታችኛው ውኃ ነው። በዚያ የሚፈጠሩት ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ሽቅብ ሲወጡ ገና ያልሞቀውን ውኃ ያገኙታል፤ ወዲያው ይቀዘቅዙና ይከስማሉ። እያንዳንዱ አረፋ ሲከስም ውኃው ክፍተቱን ለመሙላት ይጋጫል፤ የምንሰማው ጩኸት የእነዚህ እልፍ ግጭቶች ድምር ነው። ውኃው ከታች እስከ ላይ እኩል ሲግል ግን አረፋዎቹ ሳይከስሙ እስከ ላይ ይደርሳሉ፤ ጩኸቱ ይረግብና ለስለስ ያለ መንተክተክ ይተካዋል። ስለዚህ ዝምታው የመፍላት ምልክት ነው። የጃፓን የሻይ ሥርዓት ጌቶችም የማንቆርቆሪያውን ድምፅ በጥድ ዛፎች መካከል ከሚያልፍ ነፋስ ጋር አመሳስለው ያዳምጡታል።

ሙቀቱስ ስንት ነው? የመተማ ቆላ ከፍታ 700 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከደጋው ይበልጣል፤ ውኃም በ98 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የጎንደሩ ጀበና በ93 ዲግሪ ይፈላል። በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ግፊት ብቻ ነው። እነዚያ እናት ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የጠበቁትን ሳይሆን የሆነውን ነበር የሚያዳምጡት።

ሳይንሱ ምን ይላል?

በ1966 ካሳማትሱና ሂራይ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የዜን መነኮሳትን የአንጎል ሞገድ መዝግበው አስደናቂ ውጤት አሳተሙ። በተራ ሰው ዘንድ አንድ ድምፅ ሲደጋገም አንጎል ይለምደውና መልስ መስጠቱን እያሳነሰ ይሄዳል፤ በዜን ሊቃውንቱ አንጎል ግን እያንዳንዱ ድምፅ እንደ መጀመሪያው ተቀባይነት ያገኝ ነበር ተባለ። ሆኖም በ1981 ቤከርና ሻፒሮ ሙከራውን በሌሎች አሰላሳዮች ላይ ቢደግሙት ተመሳሳይ ልዩነት አላገኙም። አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንሻለን፤ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ሁሉ በድጋሚ ሙከራ አይጸናም።

በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ በሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት የሠለጠነ ምሁር ይህን ልማድ ከሃይማኖታዊ መልኩ ለይቶ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠና አድርጎ አቀረበው። በ2010 ኪሊንግስወርዝና ጊልበት በተንቀሳቃሽ ስልክ አማካይነት 2,250 ሰዎችን በየዕለቱ እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት፣ ከተሰበሰቡት መልሶች 46.9 በመቶው የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ሥራ ውጭ እንደ ነበር አሳየ፤ ሐሳባቸው በባከነ ጊዜ የሚሰማቸው ደስታም ያነሰ ነበር። በ2014 ደግሞ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን ያካተተ ግምገማ፣ ሥልጠናው ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቃልል መካከለኛ ማስረጃ አግኝቷል። ትኩረትንና እንቅልፍን ያሻሽላል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚያሰኝም አልተገኘም።

ስለዚህ ልብ ማለት ለሁሉ ነገር ፈውስ ነው አንልም። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ሰዎች አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ሰላም፣ ምግብና ሕክምና ነው። ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ያው ክፉ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ልምምዱን አቁሞ የጤና ባለሙያ ቢያማክር ይበጀዋል።

ከየት እንጀምር?

ለልምምዱ ገዳም መግባትም ሆነ እምነት መለወጥ አያስፈልግም። ሦስት ቀላል ሙከራዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቤታችሁ ቡና ሲፈላ ስልካችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ። ቡናው በምጣዱ ላይ ሲንጣጣ አዳምጡ፤ ድምፁ በ200 ዲግሪ አካባቢ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሲሰነጥቀው የሚሰማ ነው። ከዚያም የጀበናውን ጩኸትና ዝምታ ተከታተሉ። ከአቦል እስከ በረካ ሐሳባችሁ ስንት ጊዜ እንደ ሄደ ቁጠሩ። መሄዱን ማወቃችሁ ራሱ የልምምዱ አካል ነውና አትበሳጩ፤ ወደ ድምፁ መልሱት።

ሁለተኛ፣ ስታጠኑ አንድ ገጽ ብቻ አንብባችሁ መጽሐፉን ክደኑ፤ ያነበባችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ዓይን አልፎት ቀልብ ያላገኘው አንቀጽ የትኛው እንደ ሆነ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ በቤተ ሙከራ ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። ከመለካታችሁ በፊት በአንደኛው «የጠበቅሁት»፣ ከለካችሁ በኋላ በሁለተኛው «ያየሁት» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱ ሲለያዩ ያየሁትን ሰርዛችሁ የጠበቅሁትን አትተኩ። ምናልባት መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፤ ምናልባት እናንተ ተሳስታችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም ያላችሁበት ከፍታ አንድ ነገር እየነገራችሁ ይሆናል። ልዩነቱ ካልተመዘገበ ግን ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም።

እኛም ከኮኪት ከተመለስን ወዲህ በቤተ ሙከራ ውኃ በሚፈላበት ቀን ተማሪዎቻችንን ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም አሰኝተን ድምፁን እናሰማቸዋለን። ቴርሞሜትሩን የሚያነቡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም «100» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ዳሩ ግን አሁን ከጓደኞቹ አንዱ ቀድሞን «ቴርሞሜትሩን አይተኸዋል?» ብሎ ይጠይቀዋል።