ፓምፕ የሚገዛ ባለሀብት ከዋጋው በፊት ምን ይጠይቅ?
በካታሎግ 8 ሜትር ይስባል የተባለ ፓምፕ ደጀን ላይ አይስብም

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቆረቆረችው ደጀን ለረጅም ዘመን የምትታወቀው የጎጃም በር በመሆኗ ነው። ይሁን እንጂ ከበረሃው የሚወጣው የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከደጋው የሚሰበሰበው ስንዴና ኑግም የኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና ደብረ ማርቆስ ላይ የተተከለው የደብሊው ኤ ዘይት ፋብሪካ በጎጃም የዘይት ሥራ ከመጭመቂያ ቤት ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪ መሸጋገሩን ያሳያሉ።

እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ባለሀብቱ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚያስታውሰው፣ ሲበላሽ ግን ሁሉንም የሚያቆም አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ፓምፕ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ በብር ሲተመን እጅግ ተወዷል። በመሆኑም የተሳሳተ ፓምፕ ገዝቶ እንደገና ሌላ መግዛት ነጋዴው በቀላሉ የሚሸከመው ኪሳራ አይደለም።

ሁለቱ የፓምፕ ወገኖች

በገበያ ላይ ያሉት ፓምፖች በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ፈሳሹን በፍጥነት እያሾረ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ለንጹሕ ውኃ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ችግሩ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ሲጨምር የሚሰጠው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፈሳሹ ሲወፍር ደግሞ አቅሙ ይደክማል።

ሁለተኛው ወገን ፖዘቲቭ ዲስፕሌስመንት ይባላል። በአማርኛ እየሰፈረ የሚገፋ ማለት ይቻላል። ፈሳሹን በተወሰነ ክፍል ውስጥ ይይዛል፣ ይዘጋበታል፣ ከዚያም ወደ መውጫው ይገፋዋል። በእያንዳንዱ ምት ወይም ዙር የሚያወጣው መጠን የተሰፈረ በመሆኑ ግፊቱ ቢጨምርም የሚሰጠው ብዙም አይቀንስም። መጠኑን የሚወስነው ፍጥነቱ ነው።

ይህ መሣሪያ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየገጠሩ የተተከለው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ከዚሁ ወገን ነው። እጀታው ወርዶ በወጣ ቁጥር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን አንድ ስፍር ውኃ ያነሣል። የናፍጣ መኪና ነዳጅ የሚረጨው የድሮው ፖምፓም፣ የሞተር ዘይት የሚያዘዋውረው የጥርስ ፓምፕም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው

የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ምት ወደ 1.57 ሊትር ይወጣል። በደቂቃ 60 ምት ቢመታ 94 ሊትር፣ በሰዓት ደግሞ 5,600 ሊትር ያህል ይሆናል። በቫልቭና በጓርኒሲዮን በኩል ወደ ኋላ የሚያፈተልከው ከመቶ 5 ቢሆን 5,300 ሊትር ያህል እጅ ይገባል። ሻጩ ከዚህ የራቀ ቁጥር ከተናገረ ገዢው ምክንያቱን መጠየቅ አለበት።

የትኛው ለየትኛው ሥራ?

ለንጹሕ የምግብ ዘይት፣ ለማሽን ቅባትና ለከባድ ነዳጅ የጥርስ ፓምፕ ተመራጭ ነው። የምግብ ዘይት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከውኃ ከ50 እጥፍ በላይ ይወፍራል፤ በደጀን የሌሊት ብርድ ደግሞ ይብሳል። ውፍረቱ ሴንትሪፉጋሉን ሲያደክመው ለጥርስ ፓምፕ ግን ወደ ኋላ የሚያፈተልከውን ይቀንስለታል። ሆኖም አሸዋ ያለበት ፈሳሽ ጥርሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ከመጭመቂያ የወጣ አተላ ያለው ዘይት፣ ጭቃና ወፍራም ሊጥ መሰል ነገር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ሞይኖ እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተዋወቀው ባለ ጠምዛዛ ዘንግ ፓምፕ ይሻላል። ዘንጉ የሚዞረው በላስቲክ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ላስቲኩ ዘይት የሚችል ዓይነት መሆን ይገባዋል፤ ያለዚያ ያብጣል። ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ሳይኖር ባዶውን ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ለማርና ለወተት ተዋጽኦ በቀላሉ ተፈትቶ የሚታጠብ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የሎብ ፓምፕ ይመረጣል። ለኖራ ውኃና ለአሲድ ሜካኒካዊ ማኅተም የሌለው የዲያፍራም ወይም ጎማ ቱቦ እየጨመቀ የሚገፋ ፓምፕ ይስማማል። ውኃ ወደ ታንከር ለማውጣት ብቻ ከሆነ ግን ለእነዚህ ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሴንትሪፉጋሉ ይበቃል።

የከፍታው ጉዳይ

ብዙዎች የሚዘነጉት የአየር ግፊትን ነው። ፓምፕ ፈሳሽን ከታች ሲስብ፣ በእውነቱ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የአካባቢው አየር ነው። በባሕር ጠለል ይህ አየር ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ሊገፋ ይችላል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደጀን ግን የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ወሰኑ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። ይህም ፓምፑ እንከን ባይኖረው፣ ቱቦውም ምንም ባያግድ ነው። የቱቦው ሰበቃና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ሲቀነስ በሥራ ላይ ከ4 እስከ 5 ሜትር ማሰብ ይበጃል። ስለዚህ በካታሎግ 8 ሜትር ይስባል የተባለው ዕቃ ሐሰት ባይሆንም የተለካው ለባሕር ጠለል ነው። መፍትሔው ፓምፑን ከጋኑ ዝቅ አድርጎ መትከል፣ የመሳቢያ ቱቦውንም አጭርና ወፍራም ማድረግ ነው።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ሞተር የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በሚገባ አይቀዘቅዝም። ለምሳሌ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ ዘይት በ6 ባር ግፊት መግፋት ቢፈለግ፣ 3 በ6 ተባዝቶ ለ36 ሲካፈል 0.5 ኪሎ ዋት ይመጣል። የፓምፑ ብቃት ከመቶ 50 ቢሆን 1 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ለብርድና ለከፍታ መጠባበቂያ ሲታከልበት 1.5 ኪሎ ዋት ሞተር መግዛት ተገቢ ይሆናል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ ፍጥነቱም የሚሰጠው መጠንም አንድ ስድስተኛ እንደሚቀንስ አይዘንጋ።

ሴፍቲ ቫልቭ ያለው ይሁን

ሴንትሪፉጋል ፓምፕ መውጫው ቢዘጋበት ለጥቂት ጊዜ በቦታው ይዞራል። እየሰፈረ የሚገፋው ግን መግፋቱን አያቆምም። ግፊቱ ያለ ገደብ ይጨምራል፤ ቱቦው ይፈነዳል፣ ዘንጉ ይሰበራል ወይም ሞተሩ ይቃጠላል። አጠገቡ የቆመ ሠራተኛም ይጎዳል። ስለዚህ ሴፍቲ ቫልቭ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የፓምፑ አካል ነው። ዋጋ ለማውረድ ሲባል ቫልቩን አስቀርቶ የሚሸጥ ካለ፣ ገዢው የሚያተርፈው ጥቂት ብር ሲሆን የሚያጣው ግን ሙሉውን መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ከመፈረም በፊት

ገዢው ሻጩ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ስድስት ነገሮችን በወረቀት ቢያሰፍር ይጠቀማል፤ የፈሳሹ ዓይነትና ውፍረት፣ በሰዓት የሚፈለገው መጠን፣ የመውጫው ግፊት፣ የፈሳሹ ሙቀት፣ በውስጡ ያለው ደረቅ ነገር፣ የሚተከልበት ከፍታ። ከዚያ ቀጥሎ የመለዋወጫ ጉዳይ ይመጣል። አንድ ሲል ወይም ኩሽኔታ ፍለጋ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ መርካቶ ደርሶ መመለስ ቢያንስ የሁለት ቀን ሥራ ማስፈታት ነው። ከፓምፑ ጋር አንድ ዙር ሲል፣ ጓርኒሲዮንና ኩሽኔታ አብሮ መግዛት በዋጋው ላይ ጥቂት ይጨምራል፤ በመኸር ሰሞን የሚያድነው ግን ከዚያ ይበልጣል።