ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምክንያትና ውጤትን የሚገልጽ ድርሰት

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ሆነ?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ቡናው ተሸጠ፤ ሲኒው ግን ጦሙን ዋለ

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኙ የቡና አገር ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች፣ የገበሬው የጓሮ ቡና፣ በደን ጥላ ሥር የሚበቅለውም ቡና ይገኛል። ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና ማሩ የገበያቸው ጌጥ ነው። የከተሞቹ ኑሮ ግን በእሸት ቡና ብቻ የቆመ አይደለም። ጀበና ጥዳ የምትውለው ሴት፣ ልብስ ሰፊው፣ የባጃጅ ነጂው፣ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽሑፍ የሚያባዛው ወጣት፣ ሁሉም የዕለት ገቢያቸውን ጠብቀው የሚያድሩ ናቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቀጥሎም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤተ ሰባቸው ተሸኙ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ። አገሪቱ እንደ አንዳንድ አገሮች ጨርሳ አልተዘጋችም፤ ይሁን እንጂ ገበያው ቀዘቀዘ።

እስቲ በዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ቡና አፍልታ የምትሸጥ አንዲት ሴት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ደንበኞቿ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሄዱ። የቀሩትም ተጠጋግቶ መቀመጥን ፈሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና ደግሞ ቁም ነገሩ አብሮ መቀመጡ ነው። የቤት ኪራይ ግን «ተማሪ ሄደ» ብሎ አይቀርም፤ የዕቁብም ዕጣ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በመሆኑም ሴትዮዋ መጀመሪያ ትርፏን፣ ቀጥሎም መነሻ ገንዘቧን በላች። ዘሩን የበላ ገበሬ ክረምት ሲገባ ምን ይዘራል?

እንዲህ ባለው ጊዜ ብልሃት የሚወለደው ከችግር ነው። በአገሪቱ ብዙ ከተሞች ልብስ ሰፊዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስፋት ጀመሩ። ምግብ ቤቶች ጠረጴዛቸውን አራራቁ፤ በየደጃፉም ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ቆመ። በሲኒ መሸጥ ያልሆነላትም ቡናውን ቆልታና ወቅጣ በየቤቱ ለሚያፈላው ልትሸጥ ትችላለች። ይህ ሁሉ ግን የቀድሞውን ገቢ አይተካም፤ ጊዜ ለመሻገር ያህል ይረዳል እንጂ።

ቡናው ራሱስ እንዴት ሆነ? በ2012 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ ይህም ከቀደመው ዓመት የሚበልጥ ነበር። በሽታው በገባ ጊዜ የዓመቱ ቡና በአመዛኙ ተለቅሞ አልቆ ነበር። የባሕር ማዶ ጠጪዎችም ቡና ቤቶች ቢዘጉባቸው በየቤታቸው ማፍላቱን አላቋረጡም። እንግዲህ ቡናው በጆንያ ሲሸጥ፣ በሲኒ የሚቸረቸረው ግን ገዢ አጣ።

በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደየዩኒቨርሲቲዎቻቸው ሲመለሱ፣ መነሻ ገንዘቡን ያተረፈ ነጋዴ ደጁን ከፍቶ ጠበቃቸው። መነሻውን የጨረሰ ግን ደንበኛው እያለ የሚሸጥለት ዕቃ አልነበረውም።

ለ. ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት

1. «ስለ» ከግሥ በፊት ሲገባ ምክንያትን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ተማሪዎቹ ስለ ሄዱ ገበያው ቀዘቀዘ።

2. «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ያስከትላሉ።
ምሳሌ፦ ገቢዋ ተቋረጠ፤ ስለዚህ መነሻ ገንዘቧን በላች።

3. «ምንም እንኳ ... ቢ...ም» የተጠበቀው ውጤት አለመገኘቱን ይገልጻል።
ምሳሌ፦ ምንም እንኳ ቡናው ቢሸጥም ሲኒው ባዶ ዋለ።

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለ መጣ ብቻ የዚያ ውጤት ነው አይባልም። የቡና ገቢ ባደገበት ዓመት በሽታ ገብቷል፤ ነገር ግን ገቢውን ያሳደገው በሽታው ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ተሳስቷል።

ሐ. መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. የቡና ሻጯ ደንበኞች የቀነሱባቸው ሁለት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
2. «ዘሩን የበላ ገበሬ» የተባለው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ስለ ምን?
3. በጆንያ የሚሸጠውና በሲኒ የሚሸጠው ቡና ዕጣቸው ለምን ተለያየ?

መ. መልመጃ ሁለት

በአያያዥ ቃል አስተሳስራችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ።
1. ባጃጁ ጥቂት ሰው ጫነ። የነጂው ገቢ ቀነሰ።
2. ልብስ ሰፊው መሸፈኛ ሰፋ። የቀድሞ ገቢውን አላገኘም።

ሠ. ድርሰት

በመንደራችሁ ከሚገኙ ነጋዴዎች አንዱን በአክብሮት ቀርባችሁ፣ በ2012 ዓ.ም. ንግዱ ምን እንደ ደረሰበትና ምን መላ እንደ መታ ጠይቁ። ከዚያም በሦስት አንቀጽ ጻፉ፤ በመጀመሪያው የደረሰውን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው የተገኘውን ውጤት ግለጹ። ሰውየው ካልፈቀደላችሁ ስሙን አትጥቀሱ። ያልነገራችሁንም አትጨምሩ።